ቀይ ሲሆን አቁሙ

ሀጀራ ሁዜይፋ ባትሪ የምትሠራበት ሱቅ መካነ ሰላም ገበያ ጀርባ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጎን ነው። ሥራውን የጀመሩት አባቷ ናቸው፤ መብራት ወደ ከተማዋ ሳይገባ፣ ሰው የመኪና ባትሪ በአህያ ጭኖ እያመጣ ለቴፕና ለቴሌቪዥን ያስሞላ በነበረበት ጊዜ። አባቷ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አሁን የባጃጁም፣ የወፍጮ ቤቱም፣ የሶላሩም ባትሪ ወደ እሷ ይመጣል። መብራት ገብቷል ቢባልም እየጠፋ ስለሚያስቸግር ሥራ አልቀነሰባትም።

መጀመሪያ አካባቢ ግን ደንበኛው በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ውስጥ ያሰግግና «ወንድምሽ የለም?» ይላት ነበር። ሴት ልጅ አሲድ ስትነካ ያላየ ሰው አይፈረድበትም ብላ ብዙ ቻለች። እየቆየች ግን አንድ ነገር ተማረች፤ ፍርዷን ፈጥና፣ ቁርጥ አድርጋ መናገር። «ይሄ ሞቷል።» «ይሄ ይድናል።» «ይሄን ውሃ አስጠምታችሁት ነው።» ትንሽ ካመነታች ሰውየው ባትሪውን አንስቶ ይሄዳል። ካላመነታች ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዚህ ዓይነት ስም አወጣች፤ ከወግዲ ሳይቀር «ሀጀራ ካለች አለቀ» እየተባለ ይመጣላት ጀመር።

በጥር ወር አጋማሽ ቢያድግልኝ አራት ባትሪ በአይሱዙ አስጭኖ በሯ ላይ አወረደ። ቢያድግልኝ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል አብሯት የተማረ ሰው ነው፤ አሁን ዓባይ ዳር ያለው የአሳ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኗል። ማኅበሩ አንዲት ጀልባ አለችው። ቤንዚን እስከዚያ በረሃ ድረስ ማውረድ ስለሚያስቸግር፣ ጀልባዋን የሰጣቸው ፕሮጀክት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ገጥሞላታል። ባትሪዎቹ የሚሞሉት በጀልባዋ ጣራ ላይ ከተዘረጋው የሶላር ሰሌዳ ነው። ከሰሌዳው የሚመጣውን ኃይል መጥኖ የሚያሳልፍ ኮንትሮለር የሚሉት ሳጥንም አለ፤ ቢያድግልኝ እሱንም በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ መጥቷል።

«አምስት ዓመት ያገለግላሉ ተብለን ነበር» አላት ላቡን እየጠረገ። «ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ሳጥኑ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ጭስ አውጥቶ ቀረ።»

ሀጀራ ጓንቷን አጠለቀች፤ የባትሪዎቹን ክዳን እየፈታች ወደ ውስጥ በባትሪ መብራት አየች። ውሃቸው አልጎደለም። በውስጣቸው ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ግን ነጭ ዱቄት የተነፋባቸው መስለዋል። ይህ የሚሆነው ባትሪ ጥርግ ብሎ እስኪያልቅ ሲሠራበትና ደጋግሞ እንዲያ ሲደረግ ነው። ሳጥኑንም ፈታችው። ገመዱ ተገልብጦ ተቀጥሎ ተቃጥሏል፤ ፖዘቲቩ በኔጋቲቩ ቦታ ገብቷል።

ከቢያድግልኝ ጋር የመጡ ሁለት የኮሚቴ አባላት በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንደኛው ለሌላው «እስቲ ደሴ ብንወስደው ይሻል ነበር» ሲል ሰማችው።

ቀና አለች። «ደሴ ብትወስዱትም የሚነግሯችሁ ይሄንኑ ነው» አለች። «ኮንትሮለሩ ላይ መብራት አለ። አረንጓዴ ሲሆን ንዱ፣ ቀይ ሲሆን አቁሙ ማለት ነው። የያዘው ሰው ቀይ እያየ ሲነዳ ኖሯል። ገመዱንም ቀይና ጥቁር ሆኖ ሳለ ገልብጦ ቀጥሎታል። ይሄ የባትሪ ችግር አይደለም፤ የሰው ችግር ነው።»

ደሴ ብንወስደው ያለው ሰውዬ ዝም አለ። ቢያድግልኝ ራሱን ነቀነቀ። ሀጀራም ጓንቷን አውልቃ እጇን ታጠበች።

ከአራቱ ባትሪ ሁለቱን ማዳን ቻለች፤ በዝግታ እየሞላች፣ እያራገፈች፣ እንደገና እየሞላች ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ሁለቱ ግን አልመለስ አሉ። አዲሱ ኮንትሮለር ከደሴ እንደመጣ፣ ገጥማ ለአዲሱ ያዥ ልታሳይ ከቢያድግልኝ ጋር ሐሙስ ጠዋት ወደ ዓባይ ወረደች።

መኪናው ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ እስከ ቁልቁለቱ አጋማሽ አደረሳቸው። ከዚያ ባትሪዎቹን በቅሎ ጭነው በእግር ቀጠሉ። ደጋው ላይ ጋቢ ያስለበሰው ብርድ እየራቀ፣ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ እየጋለ ሄደ።

«አዲሱ ያዥ ማነው?» አለችው።

«ፈንታው የሚባል ነው። እስካሁን የያዙት አያ ይሄነው ናቸው። ኮሚቴው አግዷቸዋል፤ ዛሬ ከሰዓት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ይጸድቃል።»

«የታገዱት ከባትሪው ነው ወይስ ከጀልባዋ?»

«ከሁሉም። ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።» ቢያድግልኝ ቃሉን በልቡ ይዞታል። «“ችግሩ የባትሪ ሳይሆን የሰው መሆኑን ባለሙያዋ አረጋግጣለች” ይላል።»

ሀጀራ የተናገረችው ቃል እውነት ነው፤ ዱቄቱን በዓይኗ አይታለች። ነገር ግን ስትናገረው በልቧ የነበረው ደሴ ብንወስደው ያለው ሰውዬ እንጂ ይሄነው የሚባሉ ሰው አልነበሩም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቀችም። ቁልቁለቱን ስትወርድ ይህ ነገር እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብቶ አስቸገራት።

የወንዙ መሻገሪያ መልካ ጋ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ዓባይ በዚያ ቦታ ሰፋ ብሎ ይተኛል። ጀልባዋ በዳሩ ካለው ዋርካ ሥር ታስራለች። ፈንታው ማለዳ የወጣውን መረብ አሸዋው ላይ ዘርግቶ አምባዛ ያላቅቃል። አያ ይሄነው ከጀልባዋ ወርደው መጡ፤ ስልሳ ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ረጅም፣ ክንዳቸው በመረብ ገመድ የተላጠ ሰው ናቸው።

«አማን ነሽ ልጄ? መንገዱ እንዴት አረገሽ? አፊያ ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እርስዎ እንዴት ነዎት?» አለች። ሊኮሳተሩባት ይችላሉ ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ውሃ አቀረቡላት፣ በቅሎዋን አራገፉ፣ የጀልባዋን መሳሪያዎች አንድ በአንድ እያነሱ ለፈንታው ሊያስረክቡ ደርድረው አዘጋጅተዋል። አንድም ቡሎን አልጎደለም። የባትሪ ውሃው ጀሪካን እንኳ ክዳኑ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። ሀጀራን ገረማት። ግድየለሽ ሰው እንዲህ አያስቀምጥም።

ቢያድግልኝ አባላቱን ሊጠራ ወደ መንደሩ ሄደ። እሷ ጀልባዋ ውስጥ ገብታ ከጣራው ጥላ ሥር ተንበረከከችና ሥራ ጀመረች። አያ ይሄነው ከኋላዋ ሆነው ያቀብሏታል።

«ቀዩን ገመድ ያቀብሉኝ እስቲ።»

እጇ ላይ የመጣው ጥቁሩ ነው። መልሳ ሰጠቻቸው። «ቀዩን ነው ያልኩት።»

«ይቅርታ ልጄ» አሉና ሌላውን ሰጧት።

ጥቂት ቆይታ የሶላር ሰሌዳውን ገመድ ጠየቀች፤ «የሱንም ቀዩን።» አሁንም ጥቁር መጣ። ሊያሾፉብኝ ነው ብላ ፊቷ ጋለ። ከሥራ ያስወጣቻቸውን ሴት ማበሻቀጥ አማራቸው ማለት ነው። ልትናገር ዘወር ስትል ግን አያ ይሄነው ከጥላው ወጥተው፣ ሁለቱን ገመዶች ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው እያገላበጡ ያያሉ። ፊታቸው ላይ ሹፈት የለም። በደብዛዛ ብርሃን ጽሑፍ ለማንበብ እንደሚታገል ሰው ግንባራቸው ተጨማዷል።

ሀጀራ ቁልፉን አስቀመጠች።

«አያ ይሄነው፣» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ሞተሩን የሚያጠፉት መቼ ነበር?»

«መብራቱ ሲጠፋ ነዋ።»

«ቀይ ሲሆን አይደለም?»

አያ ይሄነው ፈንታው ወዳለበት ዘወር ብለው አዩ፤ ሩቅ ነው። «ያስተማረን ልጅ ቀይ ሲሆን አቁሙ ብሎናል» አሉ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅኩት። አንድም ቀን አልተለወጠልኝም። ያው አንድ ዓይነት ሆኖ ያበራ ያበራና ይጠፋል።»

ሀጀራ አዲሱን ኮንትሮለር ከባትሪው ጋር አገናኘችው። ይህ ዓይነቱ ሲገጠም መጀመሪያ ቀይ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ያበራል። «እስቲ ይዩት።» ቀይ በራ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ።

«አዎ፣ በራ» አሉ።

«ሲለወጥ አላዩም?»

«ተለወጠ እንዴ?»

ነቅላ እንደገና ሰካችው። እንደገና። በሦስተኛው አያ ይሄነው መመልከቱን ትተው እሷን አዩዋት። ነገሩ ለሁለቱም አንድ ላይ ገባቸው።

ሀጀራ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ሰምታ ታውቃለች። አባቷ በአንድ ወቅት የሽቦ ቀለም የማይለይ ተለማማጅ እንደነበራቸው ሲያወሩ ነበር፤ ያኔ እንደ ቀልድ ነበር የሰማችው። አሁን ግን እንዲህ ያለው ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸውን አቅፈው ወንዙን ያያሉ።

«ልጅ ሆኜ» አሉ፣ «አባቴ በርበሬ ልቀም ብሎ ይልከኝ ነበር። የደረሰውን ብቻ ይለኛል። የደረሰው የቱ ነው? ወንድሞቼ ሮጠው ቅርጫታቸውን ሞልተው ይመለሳሉ። እኔ እየዳሰስኩ ለስለስ ያለውን ስለቅም፣ ግማሹ እንጭጭ ሆኖ ይገኛል። እንዴት እንደገረፈኝ! ሰነፍ ነው፣ ልብ የለውም እያለ። እኔም ሰነፍ ነኝ ብዬ ተቀበልኩ። እርሻውን ትቼ ወደዚህ የወረድኩት ለዚያ ነው። አሳ በእጅ ነው የሚታወቀው። ከውሃው ሳይወጣ በመረቡ ክብደት አምባዛ ይሁን ነጭ አሳ እነግርሻለሁ።»

«ለምን ለሰው አልነገሩም?»

«ምን ብዬ? እኔ ቀይ የሚባለውን የማውቅ መስሎኝ ነበር እኮ። ሰው ሁሉ እንደኔ የሚያይ፣ ግን ከኔ ይልቅ ልብ ብሎ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።»

ሀጀራ የተቃጠለውን ኮንትሮለር ነገር ጠየቀቻቸው። ገመዶቹን በየወሩ ፈተው የሚጠርጉት እሳቸው ነበሩ፤ ሁልጊዜ አንዱን ፈተው፣ ጠርገው፣ መልሰው አስረው ነው ወደ ሌላው የሚያልፉት። ያን ቀን ሁለቱንም ፈተው ሳሉ ጉማሬ ጀልባዋን ከሥር ገፋት። ጀልባዋ ላይ የነበረውን ሰው ሊያወጡ ወደ ዳር ተጣደፉ። ሲመለሱ የቱ የቱ ጋ እንደነበር ጠፋቸው፤ ባትሪው ላይ የነበረው ምልክትም በዝገት ተበልቷል።

«ለስብሰባው እነግራቸዋለሁ» አለች ሀጀራ። «አሁኑኑ። ቃሌን አነሳለሁ።»

«አደራሽን!» እጇን ሊይዙ ዘረጉና መለሱት። «በዓይኔ እንዳትመጪብኝ። ዕውር ነው ካሉ ባትሪው ቀርቶ መረብም አያስይዙኝም። ግድየለሽ ቢሉኝ ይሻለኛል። እሱን ለምጄዋለሁ።»

ይህ ቃል ከሁሉም በላይ ከበዳት። ለምጄዋለሁ። ሃምሳ ዓመት የለመዱት ስም ላይ እሷም ከሱቋ በር ሆና አንድ ጨምራለች፤ ያውም የደሴውን ሰውዬ ዝም ለማሰኘት።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከቦርሳዋ ሲባጎ አወጣችና በእያንዳንዱ ፖዘቲቭ ገመድ ጫፍ ላይ ሦስት ጊዜ ጠምጥማ ቋጠረችው። ባትሪው ላይም በፖዘቲቩ በኩል በመጋዝ ጥርስ አወጣችለት። «ቋጠሮው ጥርሱ ካለበት ጋ ነው የሚሄደው» አለች። አያ ይሄነው ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ሳይሳሳቱ ገጠሙት።

«ቁጥር ያነባሉ?»

«በመሠረተ ትምህርት ጊዜ አንደኛ የወጣሁ ነኝ!» አሉ። ከመጣች ጀምሮ ድምጻቸው ከፍ ሲል የሰማችው ያን ጊዜ ነው።

ለባለ ወፍጮ ቤቱ ልትገጥምለት ያስመጣችው፣ የክብሪት ሳጥን የምታህል ቁጥር የምታሳይ መለኪያ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረች። እሷን ከመቀመጫው ፊት ለፊት ሰካቻት። «አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት ስትል ሙሉ ነው። ሞተሩ እየሠራ ዝቅ ይላል፤ አያስደንግጥዎት። ጠፍቶ ትንሽ አርፎ ሲያዩት አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት ከሆነ ወደ ቤት ነው። ከአሥራ ሁለት በታች እንዳያወርዱት።»

«አሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት» አሉ። «ወደ ቤት።»

ስብሰባው ዋርካው ሥር ሆነ። ሃያ የሚጠጉ አባላት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ቢያድግልኝ አጀንዳውን አነበበና ለባለሙያዋ ዕድል ሰጠ። ሀጀራ ተነሳች። የምትናገረውን ስታዘጋጅ ቆይታለች፤ ከአፏ ሲወጣ ግን እንደ ወትሮው ቁርጥ አላለም።

«ባለፈው የሰው ችግር ነው ብያለሁ። ሳልጠይቅ፣ ሳላይ ነው የተናገርኩት። ተሳስቻለሁ። አያ ይሄነው ባትሪውን በደንብ ይዘውታል። መብራቱ ለሥራው የሚመች አልነበረም። አሁን ቁጥር የሚያሳይ ገጥሜለታለሁ። ከቃለ ጉባኤው ላይ ቃሌን አንሱልኝ።»

ማጉረምረም ተነሳ። አንድ ሰው «ከጠዋቱ ምን አጎረሷት?» አለና ጥቂቶች ሳቁ። ፈንታው ግን አልሳቀም፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ነገር እንዲገባው ይፈልጋል። «እሺ መብራቱ አይመችም እንበል» አለ። «እኔም አይቼዋለሁ፤ ቀይና አረንጓዴ ነው፣ ምኑ ያስቸግራል? ሳጥኑንስ ማን አቃጠለው? ተገልብጦ ነው የተቀጠለው አላልሽም?»

ሀጀራ ውሸት መናገር አልፈለገችም፤ እውነቱ ደግሞ የእሷ አይደለም። እዚያው ቆማ ቀረች። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ እያያት አመነታች።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አሉ አያ ይሄነው ከኋላ።

ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት። «ቀይና አረንጓዴ አይለይልኝም። ጥላ ውስጥ ደግሞ ቀይና ጥቁር አንድ ይሆንብኛል። ዛሬ ነው ያወቅኩት። ልጅቱን እንዳትናገር የለመንኳት እኔ ነኝ፤ በሷ አትፍረዱ።»

ከዚያ የሚጠበቀው ሆነ። አንዱ የሹራቡን እጅጌ ጎትቶ «ይሄስ ምንድን ነው?» አለ። ሌላው ቅጠል በጥሶ አሳየ። አያ ይሄነው እንደ ተማሪ አንድ በአንድ መለሱ፤ አንዳንዱን አገኙት፣ አንዳንዱን ሳቱት። ሲስቱ ሳቅ ይነሳል። ሀጀራ ሳቁ እንዲቆም ፈልጋ ጥርሷን ነከሰች። አራተኛው ሰው ዕቃ ሊያነሳ ሲል ግን ፈንታው «ይበቃል» አለ። «ባለፈው ክረምት መዳረሻ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ከሁላችንም ቀድመው የሰሙት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ቀለም የጠየቃቸው አለ?»

ውይይቱ ረጅም ነበር፤ ሁሉም አልተስማማም። ሁለት ሰዎች እስከ መጨረሻው ዓይኑ የማያይ ሰው ጀልባ አይነዳም አሉ። ሲያልቅ ግን እገዳው ተነሳ። ባትሪውን አያ ይሄነውና ፈንታው አብረው እንዲይዙ ተወሰነ። ቢያድግልኝ ቃለ ጉባኤው ላይ የሀጀራን ቃል በአንድ መስመር ሰረዘና ከጎኑ አስፈረማት።

ዳገቱን ሲወጡ ቢያድግልኝ «ስምሽን አበላሸሽ እኮ» አላት። «ሀጀራ ካለች አለቀ ይባል ነበር።»

«ይበላሽ» አለች። ከዚያ ወዲህ ሰው ባትሪ ይዞ ሲመጣ ክዳኑን ከመፍታቷ በፊት ወንበር ትሰጠዋለች። ከጠዋት እስከ ማታ በባትሪው ምን እንደሚያደርግ አንድ በአንድ እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። ሥራዋ ዘገየ። «ምን ይሄ ሁሉ ጥያቄ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ?» ብሎ ተነስቶ የሄደም አለ። ብዙዎቹ ግን መናገር ሲጀምሩ ራሳቸው ያላሰቡትን ያወጡታል።

በመጋቢት፣ ጾሙ ገብቶ ሆቴሎቹ አሳ በሚሻሙበት ወቅት፣ አያ ይሄነው በገበያ ቀን ሱቋ ብቅ አሉ። አሳውን አስረክበው መምጣታቸው ነው። ባትሪዎቹ ደህና ናቸው፤ ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት ላይ አጠፉት፤ ፈንታው ውሃ ሲጨምር አበዛና ተቆጡት። ይህን ሁሉ ቆመው ተናገሩና ከብብታቸው ሥር ሁለት ሻሽ አወጡ።

«ነጋዴው እስክትመርጥ ውሰድ ብሎኝ ነው። ከነዚህ ቀዩ የቱ ነው?»

ሀጀራ በቀኝ እጃቸው ያለውን ነካችላቸው።

«ስንጋባ ብርሀንነሽ ቀይ ሻሽ አምጣልኝ ብላኝ ነበር» አሉ። «አመጣሁላት። ምን ዓይነት እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እስኪያልቅ አሰረችው። ባለፈው ሁሉን ነገርኳት። ምን ዓይነት ነበር ስላት ትስቃለች እንጂ አትነግረኝም።»

ቀዩን ለብቻ አጣጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሌላውን ለነጋዴው ሊመልሱ፣ መኪናው ሳያመልጣቸው እየተቻኮሉ ወጡ።